የመረጃ ክፍተትና የገበያ ጉድለት፦ ከኢትዮጵያ ቡና ግብይት የሚገኝ ትምህርት

ቡና ከኢትዮጵያ የግብርና ወጪ ምርቶች መካከል ቀዳሚው የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነው። በ2017 በጀት ዓመት ብቻ ከ2 ነጥብ 6 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ገቢ አስገኝቷል። ከዚህ ገቢ ውስጥ ቡናውን ተንከባክቦ ያለማው አርሶ አደር እንደ ልፋቱ መጠን ይደርሰዋል ወይ የሚለው ጉዳይ ግን ዘወትር የሚነሣ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የዋጋ ጥያቄ ቢመስልም፣ በቅርብ ሲታይ በአመዛኙ የመረጃ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ሁለት አጎራባች አርሶ አደሮችን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። አንደኛው የበሰለውን ቀይ እሸት ብቻ እየመረጠ፣ ወደ አንዱ ዛፍ ሦስትና አራት ጊዜ እየተመላለሰ ይለቅማል፤ የለቀመውንም ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እያገላበጠ ያደርቃል። ሁለተኛው አረንጓዴውንና ቀዩን በአንድ ጊዜ ሸምጥጦ መሬት ላይ ያሰጣል። ቡናው ደርቆ ጀንፈል ከሆነና በአንድ ጆንያ ከተቀላቀለ በኋላ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይን ብቻ ለይቶ ማወቅ አዳጋች ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ተቆልቶና ተፈልቶ ሲቀመስ ነው። ሰብሳቢው በግዢው ሰዓት ይህን ማረጋገጥ ካልቻለ ለሁለቱም መካከለኛ ዋጋ ይከፍላል። በዚህም የተጠነቀቀው የድካሙን ዋጋ ሳያገኝ ይቀራል፤ ያልተጠነቀቀው ደግሞ ከሚገባው በላይ ያገኛል። በተከታዩ ዓመት የመጀመሪያው አርሶ አደር ወደ ዛፉ አራት ጊዜ የሚመላለስበት ምክንያት ምን ሊሆን ይችላል?

ይህ ጽሑፍ የመረጃ ክፍተት በገበያ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት፣ መንግሥታት ክፍተቱን ለመሙላት የሚወስዷቸውን እርምጃዎችና የእርምጃዎቹን ወሰን በኢትዮጵያ የቡና ግብይት ልምድ መነሻነት ይዳስሳል።

ጥሩው ዕቃ ከገበያ የሚወጣበት ምክንያት

በአንድ የግብይት ውል ውስጥ አንደኛው ወገን ስለ ዕቃው ከሌላው የበለጠ የሚያውቅ ከሆነ የመረጃ አለመመጣጠን ተፈጥሯል ይባላል። ጉዳዩን በሥርዓት ከተነተኑት ምሁራን አንዱ አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ጆርጅ አከርሎፍ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ምሳሌ ያደረጉት ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር በዚሁ ዘርፍ ላበረከቱት አስተዋጽኦ የኖቤል የምጣኔ ሀብት ሽልማት ተቀብለዋል።

የሐሳቡን ፍሬ ነገር በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በአንድ ገበያ ለሽያጭ ከቀረቡት መኪናዎች ግማሾቹ ደህና፣ ግማሾቹ ደግሞ የተደበቀ ችግር ያለባቸው ናቸው እንበል። ደህናው 1 ሚሊዮን ብር፣ ችግር ያለበት 600 ሺህ ብር ያወጣል። የመኪናውን እውነተኛ ሁኔታ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ገዢው የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ የሁለቱን አማካይ፣ ማለትም 800 ሺህ ብር ለመክፈል ይስማማል። በዚህ ዋጋ የደህናው መኪና ባለቤት አይሸጥም፤ መኪናውን ይዞ ይመለሳል። በገበያው የሚቀሩት ችግር ያለባቸው ብቻ ይሆናሉ። ገዢዎችም ይህን ሲረዱ ዋጋውን ወደ 600 ሺህ ብር ያወርዱታል። ደህና መኪና የሚሸጥ ሰው አለ፤ ደህና መኪና የሚፈልግና ዋጋውን ለመክፈል ዝግጁ የሆነ ሰውም አለ፤ ሁለቱ ግን መገናኘት አልቻሉም። የገበያ ጉድለት የሚባለው ይህ ነው።

ከዚህ ትንተና የሚገኘው ዋና ቁም ነገር ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል። ገበያው እንዲበላሽ ሁሉም ሻጭ አጭበርባሪ መሆን አያስፈልገውም። ታማኙ ሻጭ ታማኝነቱን የሚያስረዳበት መንገድ ማጣቱ ብቻውን ይበቃል። የመረጃ ክፍተት በቅድሚያ የሚጎዳውም ይህንኑ በአግባቡ የሚሠራ ሰው ነው።

በግብርና ግብይት የሚታዩ ሦስት ክፍተቶች

በምርት ግብይት ውስጥ ሦስት ዓይነት የመረጃ ክፍተቶች ተደራርበው ይታያሉ። የመጀመሪያው የጥራት ክፍተት ሲሆን፣ ከላይ በቡናው ምሳሌ እንደተገለጸው ገዢው ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ ይዘት ሳያውቅ የሚገበያይበት ሁኔታ ነው።

ሁለተኛው የዋጋ ክፍተት ነው። ከማዕከላዊ ገበያ ርቆ የሚኖር አርሶ አደር ምርቱ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ስንት እንደሚያወጣ ካላወቀ፣ በበሩ የመጣው ገዢ የነገረውን ዋጋ ከመቀበል ውጭ ብዙ አማራጭ አይኖረውም። የዋጋ መረጃ ብቻውን ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ከደቡብ ሕንድ የኬረላ ግዛት የተገኘው ማስረጃ በግልጽ ያሳያል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ሮበርት ጄንሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የእጅ ስልክ ወደ አካባቢው ዓሣ አጥማጆች ሲገባ የሆነውን መርምረዋል። ከዚያ በፊት አጥማጆቹ ያገኙትን ዓሣ በየመንደራቸው ጠረፍ ብቻ ያወርዱ ስለነበር፣ በአንዱ ጠረፍ ገዢ ጠፍቶ ዓሣ ሲጣል በአቅራቢያው ባለው ሌላ ጠረፍ ገዢዎች ዓሣ አጥተው ይመለሱ ነበር። ስልክ ከገባ በኋላ አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ ሳሉ ዋጋ እየጠየቁ ወደተሻለው ጠረፍ መጓዝ ጀመሩ። በየጠረፉ የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ፤ የሚጣል ዓሣ ቀረ፤ የአጥማጆቹ ትርፍ በአማካይ በ8 በመቶ ሲጨምር ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ በ4 በመቶ ቀነሰ። የሚያጠምዱት ዓሣ ከቀድሞው የተለየ አልነበረም፤ የተለወጠው መረጃው ነው።

ሦስተኛው የመተማመን ክፍተት ነው። ሻጩ ምርቱን ካስረከበ በኋላ ገንዘቡን በወቅቱ ስለማግኘቱ፣ ገዢውም ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ በተስማማው መጠንና ጥራት ስለመረከቡ እርግጠኛ ካልሆኑ፣ ነጋዴዎች ከሚያውቋቸው ጥቂት ሰዎች ውጭ ለመገበያየት አይደፍሩም። በዚህም ምክንያት ገበያው በዝምድናና በትውውቅ ክልል ተወስኖ ይቀራል።

እነዚህ ክፍተቶች ሲደራረቡ የሚያስከትሉት ጉዳት ከባድ መሆኑን የ1994 እና የ1995 ዓ.ም. ልምድ ያስታውሳል። በ1994 ዓ.ም. መልካም ምርት በተሰበሰበባቸው አካባቢዎች የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወድቆ፣ ምርቱን አጭዶ ለማጓጓዝ የሚወጣውን ወጪ እንኳ የማይሸፍንበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ብዙ አርሶ አደሮች በተከታዩ ዓመት ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ገንዘብ ማውጣት አልፈለጉም። በ1995 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ደግሞ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። ለዚህ ጉዳት የዝናብ እጥረት፣ የመንገድና የመጋዘን አለመስፋፋት እንዲሁም የብድር ችግር ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም በአንድ አካባቢ ያለውን ትርፍ ምርት በሌላ አካባቢ ካለው ፍላጎት ጋር የሚያገናኝ አስተማማኝ የገበያ መረጃ አለመኖሩ ጉዳቱን ካባባሱት ምክንያቶች አንዱ እንደነበር በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች አመልክተዋል።

የምርት ገበያ መቋቋም

መንግሥት ለእነዚህ ክፍተቶች ከሰጣቸው ምላሾች ጎልቶ የሚታየው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መቋቋም ነው። ተቋሙ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 የተመሠረተ ሲሆን፣ በሚያዝያ ወር 2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚም ስለ ኢትዮጵያ የእህል ገበያ ለረጅም ጊዜ ያጠኑት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ነበሩ። ቡና ወደ ምርት ገበያው የገባው በ2001 ዓ.ም. ነው።

የምርት ገበያው አሠራር ሦስቱንም ክፍተቶች በአንድነት ለመሙላት የታሰበ ነው። አቅራቢው ቡናውን ወደ ምርት ገበያው መጋዘን ሲያስገባ ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው በጥሬውም ሆነ በቅምሻ ተመርምሮ የአካባቢና የጥራት ደረጃ ይሰጠዋል፤ ተመዝኖም የመጋዘን ደረሰኝ ይዘጋጅለታል። ከዚያ በኋላ ገዢው ቡናውን በዓይኑ ማየት ሳያስፈልገው በደረጃው ብቻ ተማምኖ ይገበያያል። የጥራት ክፍተቱ የሚሞላው በዚህ መንገድ ነው። የዕለቱ የግብይት ዋጋ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች፣ በስልክ፣ በአጭር መልእክትና በመገናኛ ብዙኃን ይፋ ስለሚሆን የዋጋ ክፍተቱ ይጠባል። ገዢው አስቀድሞ ገንዘብ በባንክ እንዲያስቀምጥ ስለሚገደድና ክፍያው በምርት ገበያው በኩል ስለሚፈጸም፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ያለ ሥጋት ለመገበያየት ይችላሉ።

በአሠራሩ ውስጥ ወሳኙ ሰው መዛኙና ቀማሹ ነው። የደረጃ ምስክር ወረቀት ዋጋ የሚኖረው የሰጠው አካል ከሻጩም ከገዢውም ጥቅም ነጻ ከሆነ ብቻ ነው። ቀማሹ በጉቦ ወይም በቸልተኝነት የማይገባ ደረጃ ከሰጠ፣ ጉዳቱ በአንድ ጭነት ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ገዢዎች በደረጃው ላይ ያላቸው እምነት ሲሸረሸር ዋጋው ለሁሉም ይወርዳል። በመሆኑም የናሙና ቁጥሮች ባለቤቱን በማይገልጽ ምስጢራዊ ኮድ መሰየማቸው፣ ሚዛኖች በየጊዜው መፈተሻቸውና በደረጃ አሰጣጥ ላይ ቅሬታ የሚቀርብበት ሥርዓት መኖሩ የአሠራሩ የጀርባ አጥንት ናቸው።

አንዱን ክፍተት ሲሞሉ ሌላው ሲከፈት

የቡና ግብይት ልምድ የሚያስተምረው ሁለተኛ ነገር፣ ለአንድ የመረጃ ክፍተት የተሰጠ መፍትሔ ሌላ ክፍተት ሊፈጥር እንደሚችል ነው። በምርት ገበያው መጋዘን ውስጥ ተመሳሳይ አካባቢና ደረጃ ያላቸው ቡናዎች እንደ አንድ ይቆጠሩ ነበር። ይህ አሠራር ግብይቱን ፈጣንና ርካሽ አድርጎታል። ነገር ግን ቡናው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ፣ ከየትኛው ቀበሌና ከየትኞቹ አርሶ አደሮች እንደመጣ የሚገልጸው መረጃ በመንገድ ላይ እንዲጠፋ አድርጓል።

ለተራው የቡና ገበያ ይህ መረጃ ያን ያህል አስፈላጊ አልነበረም። ልዩ ጣዕም ላላቸው ቡናዎች ከፍተኛ ዋጋ ለሚከፍሉ ገዢዎች ግን ትውልዱ የዕቃው ዋና አካል ነው። ኢትዮጵያ ራሷ የቦታ ስም ያለውን ዋጋ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር፤ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባደረገችው ጥረት በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ቡናቸውን ከምርት ገበያው ውጭ በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ይችሉ ስለነበር የአባሎቻቸውን ቡና ትውልድ ጠብቀው መሸጥ ችለዋል። በምርት ገበያው በኩል ያለፈው ቡና ግን እጅግ የላቀ ጣዕም ቢኖረውም እንኳ የአካባቢውን አማካይ ስም ይዞ ይወጣ ነበር። የመጀመሪያው ችግር በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው፤ የላቀው ከመካከለኛው የሚለይበት ምልክት አጣ።

መንግሥት ይህን ክፍተት ለማረም በ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009ን አወጣ። አዋጁና እርሱን ተከትለው የወጡት መመሪያዎች ቡና ከትውልዱ ሳይለይ ለገዢ የሚደርስባቸውን መንገዶች አስፍተዋል፤ አልሚዎች ያመረቱትን በቀጥታ እንዲልኩ፣ አቅራቢዎችና ላኪዎችም በቀጥታ ትስስር እንዲገበያዩ ዕድል ተፈጥሯል። የለውጡን ትርጉም ለመረዳት በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደውን ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተሰኘ የቡና ጥራት ውድድር ማስታወስ ይበቃል። በውድድሩ አንደኛ የወጣው ከሲዳማ የተገኘ ቡና በኢንተርኔት በተካሄደ ጨረታ በኪሎ ግራም ከ400 የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሽጧል። የዚህ ዓይነት ዋጋ የሚያገኘው ቡና በመጠን እጅግ ጥቂት በመሆኑ የሁሉም አርሶ አደር ተስፋ ሊሆን አይችልም። የሚያረጋግጠው ነገር ግን ግልጽ ነው፤ በጅምላ ጆንያ ውስጥ ቢቀላቀል ኖሮ ያው ቡና የአማካዩን ዋጋ ብቻ ያገኝ ነበር።

አዲሱ ፈተና፦ የእርሻው መገኛ መረጃ

በአሁኑ ወቅት የቡና ዘርፉ ሌላ የመረጃ ጥያቄ ቀርቦለታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ ቡናን ጨምሮ በ7 የምርት ዓይነቶች ላይ ተፈጻሚ የሚሆን ነው። በደንቡ መሠረት ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተዘጋጀ መሬት ያልተመረተ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ለማረጋገጫነትም ቡናው የበቀለበት ማሳ የሚገኝበት ቦታ በካርታ ነጥብ እንዲገለጽ ይጠየቃል። ከ4 ሔክታር በላይ ለሆነ ማሳ የድንበሩ መስመር፣ ከዚያ በታች ለሆነው ደግሞ አንድ ነጥብ በቂ ነው። የደንቡ ተፈጻሚነት ከአንድ ጊዜ በላይ የተራዘመ ቢሆንም ዝግጅቱ ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ የኅብረቱ አባል አገሮች ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ዋና ገዢዎች መካከል ናቸው።

ደንቡ ግዴታውን በሕግ የሚጥለው በአስመጪው ላይ ነው። መረጃው ግን የሚገኘው አርሶ አደሩ ማሳ ላይ ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ ቡና የሚመረተው ከአንድ ሔክታር በማይበልጥ ይዞታ፣ በጓሮና በደን ጥላ ሥር ነው። ዛፍ ሳይቆርጥ፣ በዋርካና በወይራ ጥላ ሥር ቡናውን ሲያለማ የኖረ አርሶ አደር የማሳው መገኛ ካልተመዘገበ፣ በገዢው ዓይን ደን መንጥሮ ከተከለው ሰው የሚለይበት ማስረጃ አይኖረውም። አስመጪው ቅጣትን በመፍራት ያልተመዘገበውን ሁሉ በጅምላ ሊተወው ይችላል። በአከርሎፍ ምሳሌ ደህናው መኪና ከገበያ እንደወጣ፣ እዚህም ደን ጠባቂው አርሶ አደር ጥፋት ሳይኖርበት ከገበያ ሊወጣ ይችላል።

ከዚህ አንጻር የማሳ ምዝገባ ሥራ የአርሶ አደሩን ታማኝነት በማስረጃ የሚያስደግፍ አገልግሎት ተደርጎ ሊታይ ይገባል። ሥራው ውጤታማ እንዲሆን ግን ሦስት ጥያቄዎች ግልጽ መልስ ያስፈልጋቸዋል። ወጪውን ማን ይሸፍናል? ወጪው በአርሶ አደሩ ጫንቃ ላይ ከወደቀ ክፍተቱን ለመሙላት የታሰበው እርምጃ ራሱ ትንሹን አምራች ከገበያ ያስወጣዋል። የተሰበሰበው መረጃ ባለቤት ማን ነው? አንድ ላኪ ብቻ የሚይዘው ከሆነ አርሶ አደሩ ለዚያ ላኪ ካልሆነ በስተቀር መሸጥ አይችልም፤ የመደራደር ዐቅሙም ይዳከማል። መረጃውን የሚያረጋግጠው ማን ነው? ያልተጣራ መዝገብ ልክ እንደተጭበረበረ የቅምሻ ደረጃ ሁሉ የመዝጋቢውንም የተመዝጋቢውንም ስም ያጠፋል።

ከቡና ባሻገር

የመረጃ ክፍተት በቡና ብቻ የሚወሰን አይደለም። በየሰፈሩ ገበያ ቅቤ፣ ማርና በርበሬ የሚገዛ ሸማች ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ከንጹሑ ለመለየት ይቸገራል። ንጹሕ ማር የሚያቀርበው ነጋዴ ስኳር ከሚቀላቅለው ጋር በዋጋ መወዳደር ሲያቅተው ወይ ከንግዱ ይወጣል፣ ወይ እርሱም መቀላቀል ይጀምራል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በምግብ ላይ የሚፈጸሙ መሰል ድርጊቶችን የከለከለው ለጤና ከማሰብ ነው፤ እግረ መንገዱንም በአግባቡ የሚሠራውን ነጋዴ ይጠብቃል።

በጤና መድን ደግሞ ክፍተቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ይታያል። እዚህ የበለጠ የሚያውቀው ገዢው ነው፤ ስለ ገዛ ጤንነቱ ከመድን ሰጪው የተሻለ መረጃ አለው። ሕመም ያለባቸው ብቻ ቢመዘገቡ ወጪው ከመዋጮው ይበልጣል፤ መዋጮው ሲጨምር ጤነኞቹ ይሸሻሉ፤ በመጨረሻም መድኑ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነትን በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ደረጃ ማድረጉ ለዚህ ችግር የተሰጠ አንድ መልስ ነው። ጤነኛውና ታማሚው በአንድነት ስለሚመዘገቡ የመድኑ ሸክም ይመጣጠናል።

የመንግሥት እርምጃዎችና ወሰናቸው

መንግሥታት የመረጃ ክፍተትን ለመሙላት የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች በጥቅሉ አምስት ናቸው። ሻጩ የሚያውቀውን እንዲገልጽ ማስገደድ፤ ለምሳሌ የዋጋ ዝርዝርና የዕቃ መግለጫ። ገለልተኛ አካል ጥራትን እንዲያረጋግጥ ማድረግ፤ ለምሳሌ የደረጃ ምደባና የሚዛን ቁጥጥር። ሕይወትንና ጤናን በሚነኩ ሙያዎች ላይ ፈቃድ መጠየቅ። ጉድለት ሲገኝ ሻጩን ተጠያቂ ማድረግ። በመጨረሻም መንግሥት ራሱ መረጃ ሰብስቦ በነጻ ማሰራጨት፤ ለምሳሌ የገበያ ዋጋና የአየር ትንበያ። በ8028 የስልክ መስመር ለአርሶ አደሮች የሚሰጠው የግብርና ምክር አገልግሎት የዚህ የመጨረሻው ዓይነት ነው።

እያንዳንዱ መሣሪያ ግን የራሱ ወጪና ድክመት አለው። ማንም የማያነበው ረጅም መግለጫ ወረቀት ከማባከን አያልፍም። ፈቃድ ብቁ ያልሆነውን ለመከልከል የታሰበ ቢሆንም፣ መስፈርቱ ከልክ ካለፈ አዲስ ገቢዎችን አግዶ ነባሮቹን ከውድድር የሚጠብቅ አጥር ሊሆን ይችላል። ተቆጣጣሪው አካልም ቢሆን ሁሉን አያውቅም፤ ከሚቆጣጠረው ነጋዴ ያነሰ መረጃ ይዞ የሚወስንበት ጊዜ አለ። ስለሆነም አንድ ደንብ ከመውጣቱ በፊት የሚያስገኘው መረጃ ለማን እንደሚጠቅም፣ የማረጋገጫው ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍና ምን ሌላ መረጃ እንደሚያጠፋ መጠየቅ ተገቢ ነው። የቡና ግብይት ሥርዓት ከ2001 እስከ 2009 ዓ.ም. ያለፈበት መንገድ የመጨረሻውን ጥያቄ አስፈላጊነት በሚገባ ያሳያል።

ለተገልጋዮች ያለው ትርጉም

የመረጃ ክፍተትን መሙላት ለተቋማት ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ሕጎች የሰጧቸው መብቶች ፍሬ የሚያፈሩት ባለመብቶቹ ሲጠቀሙባቸው ነው።

ቡና አምራቾች የማሳ ምዝገባ በአካባቢያቸው ሲካሄድ በወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው በኩል ቢመዘገቡ፣ የምዝገባቸውንም ማስረጃ በእጃቸው ቢይዙ ይጠቀማሉ። ቀይ እሸቱን ከሌላው ሳይቀላቅሉ ለይተው ማቅረብ፣ ሽያጩም ሲፈጸም ሚዛኑን መመልከትና የክፍያ ደረሰኝ መቀበል ይገባቸዋል። ዋጋ ከመስማማታቸው በፊት የምርት ገበያውን የዕለት ዋጋ መጠየቅ ለመደራደር ያግዛል። ይሁን እንጂ የምርት ገበያው ዋጋ የማጓጓዣና የዝግጅት ወጪ የተጨመረበት መሆኑን በማስታወስ ንጽጽሩን በጥንቃቄ ማድረግ ያስፈልጋል።

አቅራቢዎችና ነጋዴዎች በመጋዘን የተሰጣቸው ደረጃ አያሳምነንም ካሉ ቅሬታቸውን በወቅቱና በጽሑፍ ማቅረብ አለባቸው። ዝም ተብሎ የታለፈ ስሕተት በደረጃው ሥርዓት ላይ ያለውን እምነት ይጎዳል፤ እምነቱ ሲጎዳ ደግሞ ሁሉም ነጋዴ ዋጋ ይከፍላል።

ሸማቾችን በተመለከተ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ነጋዴውም ዋጋውን በግልጽ የመለጠፍ፣ የዕቃ መግለጫ የማሟላትና ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ደረሰኝ የዋጋ ማስረጃ ከመሆኑም በላይ ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅ መነሻ የሚሆን ሰነድ ነው። ያለ ደረሰኝ የገዛ ሸማች በአቤቱታው ወቅት የሚጎድለው የመጀመሪያው ማስረጃ ይኸው ነው። ጥያቄውን ጉድለቱ እንደታወቀ ሳይዘገዩ ማቅረብ፣ ነጋዴው ፈቃደኛ ካልሆነ ደግሞ ዕቃውን፣ ማሸጊያውንና ደረሰኙን ይዞ በአቅራቢያ ወደሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል።

ደረሰኝ የሚጠይቅ ሸማች፣ ትክክለኛ ደረጃ የሚሰጥ ቀማሽ፣ ማሳውን የሚያስመዘግብ አርሶ አደርና መረጃውን በታማኝነት የሚያሰራጭ ተቋም የሚሠሩት ሥራ በመሠረቱ አንድ ነው። በአግባቡ የሠራ ሰው ካልሠራው እንዲለይ ያደርጋሉ። ይህ ልዩነት በታወቀበት ገበያ ወደ ቡናው ዛፍ አራት ጊዜ መመላለስ ትርፍ ያስገኛል፤ ባልታወቀበት ገበያ ግን ከንቱ ድካም ሆኖ ይቀራል።